የታጠፈው ቱቦና የኦቾሎ ቁልቁለት

ከአርባ ምንጭ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አዞ አየህ ወይ?» ይለኛል። አላየሁም። ለአዞ የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም፤ ስድስት ቀን ሙሉ ሐሳቤ ከመኪናዬ ሆድ ሥር ባለች፣ ከእስክሪብቶ በቀጠነች የብረት ቱቦ ላይ ነበር። ይህን የምጽፈው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እያሉ ከደጃቸው ንቅንቅ ለማይሉ ጎረቤቶቼ ነው። ለራሴም ነው። ነገሩን ለሰው ባወራሁት ቁጥር እኔ እየተሻልኩ፣ ጥፋቴ እያነሰ ሲሄድ ታዝቤአለሁና ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጥፋቱ ይሄ ነው። ገብስና ብርድ ልብስ የማመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። ባለፈው ኅዳር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ቱቦ በዝገት ተበልቶ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መካኒኬ ከሥሯ ወጣና «ቱቦው አልቋል፤ አዲስ እስኪገኝ አጥፌ ልድፈነው» አለኝ። «የፊቱ ፍሬን ይበቃሃል። ጣርማ በርን እስካልወረድክ ድረስ እዚህ ሁሉ ሜዳ ነው።» ቆርጦ አጠፈው፣ በመዶሻ ጠፈጠፈው። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ደግሞ ከዚያ በፊት ተበጥሷል። አዲስ ቱቦ ሳልፈልግ ሁለት ወር ነዳኋት፤ እውነትም ሜዳ ነበርና ምንም አልሆንኩም።

ጎረቤቴ ጋሼ አንጁሎ ሸማኔ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለችው የጋሞ ተራራ መንደር ከኦቾሎ በወጣትነቱ ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ከእኛ ጋር በብርድ የኖረ ሰው። ጥር ላይ አንድ ማታ መጣና እናቱን ሞራ ዓይናቸውን እንደጋረዳቸው፣ አርባ ምንጭ የዓይን ሐኪሞች እንደመጡ፣ ምዝገባው ዓርብ እንደሚያበቃ ነገረኝ። «ከተራራው የሚያወርዳቸው መኪና ብናገኝ» አለ። እሺ አልኩት። ቱቦው ትዝ ያለኝ እሱ መርቆኝ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እሺ ያልኩትን ማጠፍ አፈርኩ።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ውርጩ መስታወቱ ላይ ረግቶ በማንኪያ ፋቅሁት። ጋሼ አንጁሎ ለእናቱ የሸመነውን ጋቢ በፌስታል ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል፤ እስከ መጨረሻው ከጉልበቱ አላወረደውም። አዲስ አበባን በጠዋት አለፍናት፣ ቡታጅራ ምሳ በላን፣ ሆሳዕና ስንደርስ መሸ። ያረፍንበት ፔንሲዮን ውሃ ጠፍቶበት ነበር። ባለቤትዋ ጋሼ አንጁሎ ጉልበቱን ሲያሸት አይታ ለራሷ ካስቀመጠችው አሞቀችና በባልዲ ይዛ መጣች። እንቢ ብንላት «እግር ሳይታጠብ እዚህ ቤት አይታደርም» ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው እሳት ነው፤ እዚያ ውሃ ሆነ። ሁለቱም አንድ ነገር መሰለኝ።

ረቡዕ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ መንገዱ መውጣትና መውረድ ጀመረ። እኔ የሜዳ ሹፌር ነኝ፤ ቁልቁለት ሲያዩ ማርሽ መቀነስን የማውቀው በወሬ ነው። ፍሬኑን ረግጬ እወርዳለሁ። አንድ ረጅም ቁልቁለት ጨርሰን ጋሼ አንጁሎ አፍንጫውን ቀሰር አደረገ።

«የሚቃጠል ነገር ይሸትሃል?»

«ከውጭ ነው» አልኩት። «ገለባ ያቃጥላሉ መሰለኝ።»

መስኮቱን ከፍቶ ገለባ የሚያቃጥል ሰው ፈለገ። አላገኘም፤ ግን አመነኝ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አስገብቼ እንደ ዔሊ ስወርድ «ጎበዝ፣ ጥንቁቅ ነህ» አለኝ።

ከሶዶ ወዲያ ሙቀቱ መጣ። መጀመሪያ ካፖርቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ሹራቤን አወለቅሁ። ጋሼ አንጁሎ «እንደ ሽንኩርት ተላጥክ» ብሎ ሳቀብኝ። አባያ በግራችን ብቅ አለ፤ ውሃው ቀይ ነው። እኛ ጋ ውሃ እንዲህ የሚሆነው የበረሳ ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ ብቻ ነው፤ እዚያ ዓመት ሙሉ እንዲያ ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ሲቀላ የሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር ገባን። የጋሼ አንጁሎ ታናሽ እህት ማርታ አስተማሪ ናት፤ ራት ከጫሞ የመጣ ዓሣና ኩርኩፋ አቀረበችልን። ኩርኩፋ ተድቦልቡሎ የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ነው፤ ሽፈራው ቅጠል ጨምረውበታል፣ እነሱ ሀለኮ ይሉታል። እኔ ዓሣውን አይቼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ረቡዕ ነው እኮ» አልኩ።

ማርታ ጴንጤ ናት፤ ሳቀች። «እናቴ ከአንተ የባሰች ጾመኛ ናት፤ ዓሣ ግን አትተውም። ‹ጫሞን ለጾመኛ ካልሆነ ለማን ሰጠው?› ትላለች።»

እኛ ጋ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ዓሣውን ራሱን ሳናይ ነው የሚያልቀው። እኔም በላሁ። እንዲህ ያለ ነገር እንደቀረብኝ እስካሁን አለማወቄ ቆጨኝ።

ሐሙስ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ገዝተን ወደ ኦቾሎ ወጣን። ወደ መጣንበት መንገድ ትንሽ ተመልሰን ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው ተጠመዘዝን። መውጣት ፍሬን አይጠይቅም፤ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች። እኔ ግን የምቆጥረው መታጠፊያውን ነበር። ዘጠኝ ነው። በስተቀኙ ገደል ያለበት አምስቱ ነው።

እማማ ዘነበች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። አማርኛ አይችሉም፣ ጋሼ አንጁሎ ያስተረጉማል። ልጃቸውን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ጋቢውን ተቀበሉና ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ሄዱበት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና የሆነ ነገር አሉ። ጋሼ አንጁሎ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ፊቱ ቀላ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ጥለቱ ጋ ስትደርስ ቸኩለሃል፣ ሁለት ክር ዘለሃል ነው የምትል።»

ዓይናቸው እጃቸውን እንኳ አያይም። እኔ ወደ መኪናዬ ዞሬ አየሁ።

ያን ቀን ቆጮ በዳጣ ቀረበ። ዳጣ ሚጥሚጣን የሚያስንቅ የቃሪያ ድልህ ነው፤ እንባዬ ሲወርድ ቤቱ ሁሉ በደስታ ሳቀ። ጎረቤት አንድ በአንድ እየመጣ እጄን ጨበጠኝ፤ ለእማማ ዓይን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አሉኝ። አመሻሽ ላይ አፋፉ ላይ ወጣሁ። አባያ ከሥር ተዘርግቷል፣ መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዟል። አንዱን መታጠፊያ በእግሬ ወርጄ ተመለስኩ። እማማን በዚህች መኪና አስቀምጬ እዚህ ላይ ስወርድ ታየኝ። ብናገር ዓርብ ታልፋለች፣ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፤ ባልናገር ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ አለ፣ እግዚአብሔር አለ እያልኩ ራሴን ደለልኩ። እንደማልናገር ወስኜ ተኛሁ። እንደዚያ ነው፤ ወስኜ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስወጣ መኪናዋ ሞልታ አገኘኋት። እማማ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ኋላ አሥራ አንድ ሰው ተጭኗል፣ ድንች የያዙ ሴቶች፣ ጥቅል የያዙ ሸማኔዎች፣ አንዲት ሕፃን ያዘለች። ማንም ያስፈቀደኝ የለም። እኛ ጋ ሰው ለመጫን ባለመኪናው ሁለት ጊዜ ይለመናል፤ እዚያ ባዶ መኪና ሲወርድ ነውሩ ለባለመኪናው ነው አሉ።

ሞተሩን ላስነሳ ስል የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ሻንካ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቴ ቆሙ። ብዙ ሰው አንድ ላይ መንገድ ሲወጣ እሳቸው ሳይመርቁ አይሄድም። ከምርቃቱ በፊት ግን ሁሉንም ጠየቁ። ለእኔ በአማርኛ ደገሙልኝ።

«የተጣላ ካለ ይናገር። የደበቀ ካለ ያውጣ። ጎሜ ነው።»

ጋሼ አንጁሎ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «የአንዱ ጥፋት ለሁሉ ሲተርፍ ጎሜ ይባላል» አለኝ። «ለወጉ ነው። የለም በል፣ ይመርቁንና እንሂድ።»

ከኋላ አንዱ «የለም» አለ፣ ሌላዋም «የለም» አለች። ቃሉ እየተቀባበለ ወደ ፊት መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የኋላ ፍሬን የላትም» አልኩ።

አቶ ሻንካ ሣሩን ዝቅ አደረጉት። «ተበላሸ?»

«ዛሬ አይደለም። ቱቦው ዝጎ ነበር፣ አሳጥፌ ደፈንኩት። ሁለት ወሩ ነው።»

እማማ «ምን ይላል?» ብለው ይመስለኛል ልጃቸውን ጠየቁ። ጋሼ አንጁሎ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ያ የሸተተኝስ?»

«ፍሬኑ ነው።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ እናቱ ዞረና ያልኩትን ሁሉ ቀስ ብሎ በጋሞኛ ነገራቸው፤ ምንም ያስቀረ አይመስለኝም፣ ገለባ የምትለዋን ቃል በአማርኛ ሲላት ሰማሁ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሕፃን ያዘለችው ስትወርድ አላየችኝም። አቶ ሻንካ በዚያ ዕድሜያቸው መኪናዋ ሥር ገቡና ተጣጥፎ የተጠፈጠፈውን ብረት በጣታቸው ነክተው ወጡ። አቧራቸውን አራገፉ።

«መኪና ራሱን አይናገርም» አሉኝ። «አንተ ነው የምትናገረው። ተናገርክ፣ በቃ። አሁን ይወርዳል፤ ከሥር ሜዳ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«በገመድ። ዶርዜዎች ሙሉ ቤት ተሸክመው ይሄዳሉ። እኛ አንድ መኪና መያዝ ያቅተናል?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከየቤቱ በእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ ወጣ፤ ሦስቱ ከኋላ ሻንሲው ላይ ታሰሩ። ሊሳፈሩ የነበሩት ራሳቸው ገመዱን ያዙ፣ ከየአጥሩም ሰው ተጨመረ፣ ሠላሳ ያህል ሆኑ። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ታኮ የሚሆን ድንጋይ ይዘው ከጎማው ጎን ቆሙ። እማማ በቃሬዛ እንሸከምዎ ሲባሉ ተቆጡ። ጋሼ አንጁሎ ሳይወድ አስተረጎመልኝ፤ «የታመመው ዓይኔ ነው፣ እግሬ አይደለም» ብለዋል። ከገመዶቹ የአንዱን ጭራ ያዙና ከሁሉ ኋላ ቆሙ።

እንዲያ ሆነን ወረድን። እኔ ብቻዬን መሪ ይዣለሁ፤ ከኋላዬ አንዱ እየዘፈነ ሌላው እየተቀበለ መኪናዋን እንደ እምቢተኛ በሬ ወደ ኋላ ይይዟታል። ድንች ከተሸከሙት ሴቶች አንዷ በመስኮት በኩል ደርሳ «ጋሼ፣ አይዞህ፣ ፍሬኑ እኛ ነን» አለችኝ፤ ኋላ ያሉት ሳቁ። በመስተዋት ሳይ እማማ በገመዱ ጭራ ተመርተው ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ገመዱ ሲወጠር ይቆማሉ፣ ሲላላ ይሄዳሉ።

ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ደገምኩ፣ ባዶ ነው። የፊቱም ቱቦ ፈንድቶ ነበር። ጮህኩ፤ ገመዱ ጠበቀ፣ ድንጋዮቹ ጎማው ሥር ገቡ፣ መኪናዋ ቆመች። የቀኙ ጎማ ከገደሉ ሦስት እርምጃ ይቀረዋል። ከጋቢናው ወረድኩ። ከኋላዬ አሥራ አንድ ሰው፣ ከጎኔ እማማ ሊሆኑ ነበር። ጋሼ አንጁሎም መጥቶ ከሥሯ የሚንጠባጠበውን ዘይት አየ። ተመልሶ ገመዱን ያዘ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሚኒባስ አስቁሞ እናቱን ይዞ ሄደ። ምዝገባው ሳይዘጋ መድረሳቸውን በስልክ የነገረችኝ ማርታ ናት። ገመድ የያዙት ሰዎች እየዘፈኑ ወደ ተራራቸው ተመለሱ፣ ድንች የያዙት ቀሪውን መንገድ በእግር ቀጠሉ። እኔ ከመኪናዬ ጋር ቀረሁ። አንድ የሙዝ ገበሬና ሚስቱ ያለ ብዙ ጥያቄ ከቤታቸው ጥግ ምንጣፍ አነጠፉልኝ። ምን እንደሆንኩ ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ሴትየዋ ራት ስታቀርብልኝ «ፍሬን የሌለው ሰውዬ አንተ ነህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ጨምራ አቀረበችልኝ።

ቅዳሜ ማርታ የላከችው መካኒክ ኢሳይያስ በሞተር ብስክሌት መጣ፤ አዲስ የቱቦ ጥቅል እንደ ጎማ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። የወላይታ ልጅ ነው፣ ወሬ አያበዛም። ከሥሯ ገብቶ ትንሽ ቆየና «የዓሣ መኪና ነበረች» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ዝገቱ ቀኙን ነው የበላው። የበረዶው ሣጥን ውሃ በቀኝ ነው የሚወርድ። ዓሣ አለበት፣ ጨው አለበት፣ ብረት ይበላል። ከጫሞ ስንት መኪና እንዲህ አየሁ።»

እኔ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር የገዛኋት። ሳላውቀው ወደ አገሯ አምጥቻታለሁ ማለት ነው። የፊቱን ቱቦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሲጭነው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ።

«ይቺን ቆርጠን ብንቀጥላትስ?» አልኩት ልማድ ሆኖብኝ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ከሥር። «ሁሉንም አወጣለሁ። ካልፈለግህ ሞተሬን አስነሳለሁ።»

ሁሉንም አወጣ። አዲሱን ቱቦ በጉልበቱ ላይ እየለካ አጎበጠ፣ ጫፉን በመሣሪያ አሰፋ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሽቦ ለወጠ። ከዚያ ስፑርጎ ነው፤ እሱ ከሥር አየሩን ያስወጣል፣ እኔ ከላይ «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እያለኝ እታዘዛለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየን። ስንጨርስ የኦቾሎን መንገድ እስከ ግማሽ ወጥተን ወረድን፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አስቆመኝ። መጨረሻ ላይ «አሁን ፍሬን ነው» አለ። ሌላ ምስጋና ከእሱ አልጠበቅሁም።

እሑድ ወደ ሲቀላ ነዳሁ። እማማ ቅዳሜ ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቶ ያን ጠዋት ፋሻው ተነሥቶላቸዋል። ማርታ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያያሉ፣ ዶሮም ሲያልፍ ያያሉ። እኔ ስገባ ትኩር ብለው አዩኝና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማርታ አፏን ይዛ ሳቀች። «ረጅም ሰው መስሎኝ ነበር ትላለች።»

ጋሼ አንጁሎ ሰላምታዬን መለሰ፤ ከዚያ በላይ ግን አላለም። እናቱን ወደ ላይ የሚመልስ ሌላ መኪና እንደተከራየና መንገድ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። መብቱ ነው። እኔ ይቅርታ ለማለት መምጣቴን ተናገርኩ፤ ከዓርብ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ከግማሹ በላይ ጠፋኝ። «በእናትህ ላይ ፈርጄ ነበር» አልኩት። «ሐሙስ ማታ ላልናገር ወስኜ ነበር።» ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እኔ ግን ካልነገርኩት ምኑን ነገርኩት።

እማማ ምን እንዳልኩ ጠየቁ። ማርታ አስተረጎመች። ከዚያ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁት፣ እሱም አጭር መልስ መለሰ፤ እንደገና ተናገሩና ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ምን አሉ?» አልኩ ማርታን።

«የሚመጣው ሹፌር ስለ መኪናው የነገራችሁ ነገር አለ ወይ አለች። የለም አላት። እንግዲያው ከዚህኛው ጋር እሄዳለሁ፣ ይሄኛው ነግሮናል አለች።»

ጋሼ አንጁሎ ወዲያ ዞሮ ስልኩን አወጣ። የተከራየው መኪና እንዲቀር ሲናገር ሰማሁት። ከዚያ መጥቶ እናቱን ደግፎ ጋቢና አስገባ፣ እሱ ከመሐል ተቀመጠ። ቁልፉን ላዞር ስል እማማ በልጃቸው ላይ ጎንበስ ብለው በአዲሱ ዓይናቸው አዩኝና ጠየቁ።

«‹ዛሬስ ምን አላት?› ትላለች» አለ ጋሼ አንጁሎ። ከዓርብ ወዲህ ሳያኮርፍ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

ነገርኳቸው። የቀኝ በሩ ከውስጥ አይከፈትም፣ ጡሩምባው ሲፈልግ ነው የሚጮኸው፣ የዝናብ መጥረጊያው አንዱ ብቻ ነው የሚሠራ፣ የግራ ኋላ ጎማ አርጅቷል፣ ዛሬ ግን ያደርሰናል። ጋሼ አንጁሎ አንድ በአንድ አስተረጎመ። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«በቃ?» አሉ በአማርኛ።

«በቃ፣ እማማ።»

«ሂድ» አሉኝ።